አርባ ሰው፣ አንድ ጊታር፦ የትንሽ ክፍል ሙዚቃ በድሬና በሐረር

2008 እ.ኤ.አ. ነው። አሜሪካ፣ ቴክሳስ፣ ኦስቲን ከተማ። ቦብ ቦይለንና ስቲቨን ቶምፕሰን የሚባሉ ሁለት የኤንፒአር ሬዲዮ ሰዎች አንዲት ዘፋኝ ሊሰሙ አንድ መጠጥ ቤት ይገባሉ። ዘፋኟ ላውራ ጊብሰን ትባላለች፣ የኦሪገን ልጅ ናት። ግጥሙንም ዜማውንም ራሷ ትሠራለች፤ በጊታር ለስለስ አድርጋ ታንጎራጉራለች። ሁለቱ ሰዎች ግን ምንም አልሰሙም። ጫጫታው ድምፅዋን ውጦታል። ቶምፕሰን፣ እዚህ ከምትዘፍኚ የቦብ ጠረጴዛ ጋ መጥተሽ ብትዘፍኚ ይሻላል ብሎ ቀለደ። ቀልዱ ሳይቆይ እውነት ሆነ። በዚያው ዓመት ቢሮ ድረስ መጥታ ዘፈነች፣ ተቀረጸ። ዛሬ ዓለም "ታይኒ ዴስክ" (ትንሿ ጠረጴዛ) ብሎ የሚያውቀው ዝግጅት እንዲህ ተጀመረ።

ታሪኩን ያነሳሁት የእኛ ችግር ስለሆነ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ የራሷን ዘፈን ይዛ የምትመጣ ልጅ የት ትዝፈን? ሐረር ውስጥ ክራር ይዞ የራሱን ግጥም የሚያዜም ልጅ ማን ፊት ይቁም? የእኔ ሐሳብ ግልጽ ነው። ለእንዲህ ዓይነት ዘፋኞች ከድሬና ከሐረር የተሻለ ቤት ያለው ከተማ በቀላሉ አይገኝም። የጎደለን ትልቅ አዳራሽ አይደለም፤ የድምፅ መሣሪያም አይደለም። የጎደለን አንድን ዘፋኝ ከቤት ቤት እየተከተለ የሚያዳምጥና ለዘፈኑ የሚከፍል ሰው ነው።

መጀመሪያ ስለ ምን ዓይነት ሙዚቃ እንደማወራ ልናገር። በውጭው ዓለም "ኢንዲ ፎክ" የሚሉት አለ። "ኢንዲ" የሚባለው ከትልልቅ አሳታሚ ድርጅቶች ውጭ ስለሚሠራ ነው። "ፎክ" የሚባለው መሠረቱ የሕዝብ ዘፈን ስለሆነ ነው፤ አንድ ድምፅ፣ አንድ የክር መሣሪያ፣ አንድ ታሪክ። ለእኛ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ካሳ ተሰማን፣ አስናቀች ወርቁን፣ ሜሪ አርምዴን የሰማ ሰው አንድ ክራርና አንድ ድምፅ ምን ያህል ቦታ እንደሚሞላ ያውቃል። የአሁኖቹ ልጆች ክራሩን በጊታር ቢተኩትም ነገሩ ያው ነው። ቃሉ መሰማት አለበት። ቃሉ ካልተሰማ ዘፈኑ የለም።

እዚህ ላይ ነው የድምፅ ጉዳይ የሚመጣው። ሁለት ሰዎች በአንድ ሜትር ርቀት ሲያወሩ ድምፃቸው 60 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) አካባቢ ይሆናል። በጣት የሚመታ ጊታርና ዝግ ያለ ዘፈንም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ክፍት ቦታ ላይ ደግሞ ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ስምንት ሜትር ርቆ የተቀመጠ ሰው ጋ ሲደርስ ዘፈኑ ከጎረቤቱ ሹክሹክታ ብዙም አይበልጥም። አምስት ሰው ካወራ አለቀ። ክፍል ውስጥ ግድግዳው ድምፁን ስለሚመልስ ጉዳቱ ትንሽ ይቀላል። ቢሆንም መፍትሔው ሁለት ብቻ ነው። ወይ ድምፁን በማጉያ ትጨምራለህ፣ ወይ ርቀቱን ትቀንሳለህ። የጭፈራ ቤቶቻችን የመጀመሪያውን መርጠዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የመዝናኛ ቦታዎች አማካይ ድምፅ ከ100 ዴሲቤል እንዳያልፍ ይመክራል። ቅዳሜ ማታ አንዳንድ የድሬ ቤቶች በር ላይ የቆመ ሰው ይህ ምክር እዚያ እንዳልደረሰ በደረቱ ይሰማዋል።

በነዚያ ቤቶች የሚሠሩ ዘፋኞችን መውቀስ አልፈልግም። አንድ ኪቦርድ፣ አንድ ድምፃዊ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት እስከ ሌሊት። እንጀራ ነው። ግን ቤቱ የሚኖረው በቢራ ነው። ቢራው እንዲሸጥ ሰው መጨፈር አለበት፣ እንዲጨፍር ደግሞ የሚያውቀው ዘፈን መዘፈን አለበት። ድምፃዊው የራሱን አዲስ ሥራ ሞክሮ ሰው ወደ ወንበሩ ከተመለሰ ባለቤቱ ዓይኑን ያፈጥበታል። ስለዚህ ጎበዝ ድምፃዊ ለዓመታት የሌላ ሰው ዘፈን ሲዘፍን ይኖራል። ሽልማቱም፣ ግንባር ላይ የሚለጠፈው ብር፣ የሚመጣው ለታወቀው ዘፈን ነው።

ሌላም ነገር አለ። በድሬና በሐረር ብዙ ሙዚቃ ወዳጅ መጠጥ ቤት አይገባም። ሃይማኖቱ አይፈቅድለትም፣ ወይ ቤተሰቡ አይወድለትም፣ ወይ ከመሸ መውጣት አይመቸውም። በተለይ ሴቶቹ። ከሙዚቃ ጋር ጠብ የላቸውም፤ ስልካቸው በዘፈን የተሞላ ነው። ሙዚቃው የተቀመጠበት ቦታ ነው ያገለላቸው። ቀን በአሥር ሰዓት፣ ቡና ወይም ቁጢ (የቡና ቅጠል ሻይ) ተፈልቶ፣ ሙሽበክ የሚባለው ጣፋጭ ቀርቦ፣ በአንድ ሰው ቤት ቢሆን ግን ልጅ ከእናቷ ጋር ትመጣለች። መጥታም አይቻለሁ።

ስለ ቤቱ ትንሽ ላውራ፣ ምክንያቱም እዚህ ጋ ነው ሐረር የምትበልጠው። የጀጎል ውስጥ ቤት፣ ጌ ጋር፣ ለዚህ ሙዚቃ ታስቦ የተሠራ ይመስላል። ዋናው ክፍል ከፍና ዝቅ ባሉ መደቦች የተከፋፈለ ነው፤ ነደባ ይሉታል። እንግዳ እንደ ዕድሜውና እንደ ክብሩ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ኋላ የተቀመጠው ሰው በፊተኛው ራስ ላይ አሻግሮ ያያል። መድረክ ሳይሠራ መድረክ አለ። ግድግዳው ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ስለሆነ የመንገዱን ጫጫታ ያስቀረዋል። መኪና ግርግር ላይ የልብስ ሰፊዎቹ መኪና ሲንጫጫ ቆይተህ እዚያ ቤት ስትገባ ጆሮህ ወዲያው ያርፋል። ምንጣፉና ትራሱ ሹል ድምፅ ይመጥጣሉ። በግድግዳው ላይ የተደረደሩት ስፌቶችና ሳህኖች ደግሞ ድምፁን በአንድ አቅጣጫ ከመመለስ ይልቅ ይበትኑታል። የስቱዲዮ ባለሙያዎች በብዙ ገንዘብ የሚሠሩትን ነገር የሐረር እናቶች ለጌጥ ብለው ሠርተውታል።

ድሬ ሌላ ናት። የከዚራ ሰፈር ግቢዎች ሰፊ ናቸው፤ ዛፍ አለ፣ በረንዳ አለ። ሙቀቱ ክፍል ውስጥ ስለማያስቀምጥ ሰው ግቢ ይወጣል። ግን ግቢ ድምፅ አይይዝም፣ የባጃጁም ጩኸት በአጥር ላይ ዘሎ ይገባል። ስለዚህ ድሬ ላይ ዘፋኙ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ፣ ሰው በግማሽ ክብ ተጠግቶ መቀመጥ አለበት። ሰዓቱም መታሰብ አለበት። ከመግሪብ ሶላት በኋላ፣ እስከ ማታው የኢሻ ሶላት ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። ሙቀቱ በረድ ይላል፣ ከመስጊድም ከቤተ ክርስቲያንም ጋር አይጋጭም።

የማዳመጥ ባህሉስ? አለን። በርጫ ቤት፣ ጫት በሚቃምበት ክፍል፣ የተቀመጠ ሰው ያውቀዋል። የከሰዓቱ ጨዋታ ጋብ ሲል፣ ምርቃና ሲመጣ፣ አንድ ሰው ኡድ ያነሳል፣ ሌላው ዝም ይላል። ቃራሚ የሚባሉት የድሮ የሶማሊ የፍቅር ዘፈኖች በድሬና በጅቡቲ ሲሰሙ የኖሩት እንዲህ ባለ ክፍል ነው። ስለ ጫት ጉዳት የምንከራከርበት ብዙ ነገር አለ፤ እኔም ወጣቱ ቀኑን ሙሉ እዚያ ሲቀር ያመኛል። ግን ዝም ብሎ የማዳመጥ ልማዳችን አንዱ ማደሪያ ያ ክፍል እንደሆነ መካድ አይቻልም። ሐረር ላይ ደግሞ ዚክሪ አለ። ሌሊቱን ሙሉ በከበሮና በእንጨት ማጨብጨቢያ የሚዘለቅ፣ ሰው ሁሉ ተቀብሎ የሚያዜመው። ዓላማው አምልኮ ስለሆነ ከዘፈን ጋር አልቀላቅለውም። የሚያሳየን ነገር ግን አለ። የዚህ አገር ሰው ለሰዓታት ተቀምጦ ቃል ማዳመጥ ይችላል።

የድሬ ትልቁ የሙዚቃ ታሪክም የተነሳው ከትንሽ ቦታ ነው። ዓሊ ቢራ ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ አፍረን ቀሎ ከተባለው ቡድን ጋር መዝፈን ጀመረ። ያ ቡድን የሠራው በሠርግና በበዓል ነው፤ በሰው ግቢ፣ በሚያውቁት ሰው መሐል። በኦሮምኛ መዝፈናቸው በጊዜው መንግሥት በጥርጣሬ ታየና ብዙ ጫና ደረሰባቸው። ዘፈኖቹ ግን አልጠፉም፤ ሠርግ ላይ የሰማቸው ሰው ይዟቸው ሄዷል። ዓሊ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አርፎ ድሬ ሲቀበር ከተማው ያለቀሰለት ከዚያ ጀምሮ ስለሚያውቀው ነው። ይህን ያህል ዕድሜ ያለው ፍቅር በአንድ የቪዲዮ ክሊፕ አይመጣም።

አሁን ወደ መከተል ልምጣ። አንዲት ወጣት ዘፋኝ አለች፤ ስሟን አልጠቅስም፣ ገና ሥራዋን ለሕዝብ አላወጣችም። ድሬ ትኖራለች፣ ጊታር ትጫወታለች፣ በአማርኛና በኦሮምኛ ትጽፋለች። በሰዎች ቤት ስትዘፍን በሄደችበት እየሄድኩ ሰምቻታለሁ፤ ድሬም ሐረርም። አንድ ዘፈን አላት፤ እናቷ በባቡር ከቤት የወጣችበትን ቀን የሚተርክ። በመጀመሪያው ምሽት ከስንኙ አንዱ የእናቷ ነጠላ የከሰል ጭስ እንደያዘ ይናገር ነበር። ያማረ ስንኝ ነው። ዘፈኑ ሲያልቅ ለገሀሬ ሰፈር ተወልደው ባቡር ላይ ሠርተው ጡረታ የወጡ አንድ አባት እጃቸውን አነሱ።

"ልጄ፣ ዘፈኑ ግሩም ነው። ግን በእናትሽ ጊዜ ከሰል የለም። ናፍጣ ነው።"

ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ ጠየቀቻቸው። ናፍጣው እንዴት እንደሚሸት፣ ልብስ ላይ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ የባቡር ሠራተኞች ሚስቶች በምን እንደሚያጥቡት ነገሯት። ቀጥሎ ሐረር ስትዘፍነው የከሰሉ ጭስ የለም። በምትኩ ታጥቦ የማይለቅ የናፍጣ ሽታ ገብቷል፤ ልጅቷ ነጠላውን ከሣጥን አውጥታ ታሸተዋለች። ዘፈኑ ከማማር አልፎ እውነት ሆነ። ስቱዲዮ ገብታ ቢሆን ኖሮ ከሰሉ ለዘላለም ተቀርጾ ይቀር ነበር።

አንድን ዘፋኝ መከተል ማለት ለእኔ ይህ ነው። አንዴ የሰማ ሰው ዘፈኑን ብቻ ይሰማል። ደጋግሞ የሄደ ሰው ዘፈኑ ሲሠራ ያያል። የቱ ስንኝ ወደቀ፣ የቱ ቦታ ላይ ዝምታ ጨመረች፣ በትዝታ ቅኝት የነበረው ዜማ መቼ ወደ ባቲ ቅኝት ዞረ። ዘፋኟም ትለወጣለች። የታወቀ ፊት ሲኖር ያልጨረሰችውን ዘፈን ለማውጣት ትደፍራለች። እንግዳ ብቻ በተሞላ ክፍል የሚታወቀውን ብቻ ነው የምታወጣው።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር፣ መሣሪያ የሚጫወቱ ሰዎች ይወዱታል ብዬ። ከድሬ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ግን የደንገጎን ዳገት ወጥተህ ሐረር ስትደርስ ከድሬ 700 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለህ። ሙቀቱ ይቀንሳል። ድሬ ላይ የላላው የብረት ክር ብርድ ሲያገኘው ይሰበሰባል፣ ቅኝቱ ወደ ላይ ይሸሻል። ድሬ ላይ ተቃኝቶ የመጣ ጊታር ሐረር ሲወጣ አይታመንም። ልጅቷ እንደደረሰች ጊታሩን ከሣጥኑ አውጥታ ክፍሉ ውስጥ ታስቀምጠዋለች፣ ቡና ትጠጣለች፣ ከዚያ ነው የምትቃኘው። ትልቅ መድረክ ላይ ይህን ሁሉ ቴክኒሻን ይሠራዋል። እዚህ ሰው ዓይን ፊት ነው። አንድ ሕፃን ልጅ ተጠግቶ ጆሮውን ጊታሩ ላይ ሲለጥፍ አልከለከለችውም፤ ያልተቃኘውን ክርና የተቃኘውን እያፈራረቀች አሰማችው።

ገንዘቡስ? በውጭ አገር ይህን ነገር በሁለት መንገድ ሞክረውታል፣ ከሁለቱም መማር ይቻላል። አንደኛው ሶፋር ሳውንድስ ነው፤ በ2009 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ በሰው ሳሎን ተጀመረ። ማን እንደሚዘፍን ሳይነገርህ ትኬት ትቆርጣለህ፤ ቦታውም በመጨረሻው ሰዓት ነው የሚነገርህ። ማውራት የለም። ሐሳቡ ግሩም ነው። ግን ድርጅቱ እያደገ ሲሄድ ብዙ ጊዜ ለአጭር ዝግጅት ለሙዚቀኛው 100 ዶላር ገደማ ይከፍል ስለነበር በ2019 እ.ኤ.አ. አካባቢ ብርቱ ወቀሳ መጣበት። ሰዎች የትኬቱን ሽያጭ አስልተው፣ ቀሪው የት ሄደ አሉ። ሁለተኛው መንገድ የዴቪድ ባዛን ነው። ፔድሮ ዘ ላየን በተባለው ባንድ የሚታወቅ አሜሪካዊ ነው። ባዛን እንደ ሶፋር በ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአድናቂዎቹ ሳሎን እየዞረ ዘፈነ። ቤቱን አድናቂው ይሰጣል፣ ትኬቱ አስቀድሞ በልክ ይሸጣል፣ ገንዘቡ በዋናነት ለዘፋኙ ነው።

የሁለቱ ልዩነት ግልጽ ነው። ሶፋር ሰው የሚከተለው ዝግጅቱን ነው፤ ዘፋኙ ቢቀየርም ትኬቱ ይሸጣል። ባዛን ጋ ሰው የሚከተለው ዘፋኙን ነው። ለእኛ የሚያዋጣው ሁለተኛው ይመስለኛል። ሒሳቡን እንየው። አርባ ሰው፣ እያንዳንዱ 250 ብር ቢከፍል 10,000 ብር ነው። ለቡናና ለቤቱ 2,000 ብር ቢነሳ ለዘፋኟ 8,000 ይቀራል። ማጉያ ኪራይ የለም፣ ቴክኒሻን የለም፣ አዳራሽ የለም። በወር ሁለቴ፣ አንዱን ድሬ አንዱን ሐረር ብትሠራ፣ ሀብታም አትሆንም። ግን በሌሊት የሌላ ሰው ዘፈን ለመዝፈን አትገደድም፣ ጠዋት ደግሞ ለመጻፍ ጉልበት ይኖራታል።

እዚህ ላይ አንድ የለመድነው ነገር አስቸጋሪ ነው። ሰው ቤት ሄደህ በር ላይ ገንዘብ መክፈል ይሰቀጥጠናል። እንግዳ አይከፍልም፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ መርቆ ይሄዳል። ድሬ ላይ በተለይ ይህ ጉዳይ ቀልድ አይደለም። "አቦ፣ ከቤታችን መጥተህ ልትከፍል ነው እንዴ!" ይሉሃል። ስለዚህ ከቤቱ ባለቤት ጋር ሳይሆን አስቀድሞ ከዘፋኟ ጋር በስልክ፣ በቴሌብር፣ መጨረስ ይሻላል። በር ላይ ገንዘብ ካልታየ ቤቱም እንግድነቱም ክብሩን ይጠብቃል። የእኛ ልጅ እንዲህ ማድረግ ከጀመረች ወዲህ ነገሩ ቀሏል፤ ሰው ቀደም ብሎ ስለከፈለ አይቀርም፣ ስንት ቡና እንደሚፈላም ይታወቃል።

ዝምታውንም እንዳለ ከውጭ መቅዳት ያለብን አይመስለኝም። አዝማሪ ቤት ያደገ ሰው "ተቀበል" ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው ወዲያው ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። አድማጩ የዘፈኑ ባለድርሻ ነው። ይህን ትተን ሰው ሁሉ አፉን ዘግቶ ይቀመጥ ብንል የራሳችንን ንብረት እንጥላለን። ያየሁት ጥሩው መንገድ ጊዜውን መከፋፈል ነው። ዘፈኑ ሲዘፈን ዝም ይባላል፤ በዘፈኖቹ መሐል ደግሞ ወሬው ይከፈታል። ማን ምን ተሰማው፣ የቱ ቃል አልገባ አለ፣ ይህን ነገር በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ እንዴት ትሉታላችሁ። የድሬ ሰው በአንድ ወሬ ውስጥ ሁለት ሦስት ቋንቋ ይቀያይራል። ትልቅ መድረክ ላይ ያ አይቻልም፤ አርባ ሰው መሐል ግን ዘፋኟ ጥያቄ ጠይቃ መልሱን በጆሮዋ ይዛ ትሄዳለች። የናፍጣው ስንኝ የመጣው እንደዚያ ነው።

የሚያሳስበኝ ስልኩ ነው። ሁሉም ሰው ይቀርጻል፣ ቲክቶክ ላይ ይለጥፋል። በፍቅር ነው የሚያደርገው። ግን ያላለቀ ዘፈን ሲወጣ ዘፋኟ በዚያ መልኩ ትታወቃለች። ከሰሉም እንዳለ ተቀርጾ ይቀራል። ታይኒ ዴስክን ዓለም ያወቀው በካሜራ ነው የሚል ሊኖር ይችላል። ልክ ነው፤ ግን እዚያ የሚቀረጸው ዘፋኙ ተዘጋጅቶ፣ ተስማምቶ፣ ያለቀ ሥራውን ይዞ ሲመጣ ነው።

ሌላው አደጋ ከሕግ ጋር የተያያዘ ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለዘፈን ደራሲ በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት የሚቆይ መብት ይሰጣል። አዋጁ በቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። መብቱን ለማግኘት ምዝገባ አያስፈልግም፤ ሥራው በተፈጠረ ጊዜ ይጀምራል። ግን ሁለት ነገር መሟላት አለበት። ሥራው የራስህ መሆን አለበት፣ ደግሞም ተጽፎ ወይም ተቀርጾ ተጨባጭ መልክ መያዝ አለበት። በጭንቅላት ብቻ የተያዘና በሰው ሳሎን የተዘፈነ ዘፈን ይህን ሁለተኛውን አያሟላም። ከክፍሉ ውስጥ አንዱ ዜማውን ይዞ ሄዶ ቀድሞ ስቱዲዮ ቢገባ፣ ዘፋኟ የእኔ ነው ብላ ለማስረዳት ትቸገራለች።

ስለዚህ የራሳቸውን ዘፈን በቤት ለቤት ምሽት መሞከር ለሚያስቡ የድሬና የሐረር ልጆች የምለው ይህን ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ግጥሙን ከነቀኑ ጻፉት። በስልካችሁም አንዴ ዘፍናችሁ ቅረጹት፤ ጥራቱ ግድ የለም፣ ባጃጁ ቢሰማም ግድ የለም። ቅጂውን ለምታምኑት ሰው ላኩ። ከእያንዳንዱ ምሽት በኋላ የተቀየረውን ስንኝ እንደገና ቅረጹ። ወጪው የስልክ ባትሪ ብቻ ነው፤ አርባው ሰው ፊት ስትቆሙ ደግሞ ዘፈኑ በስማችሁ ተይዟል።